ቀለም የገባው ጋቢ

ታኅሣሥ ሲገባ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ታታልላለች። በረንዳ ላይ ስትቀመጡ ትሞቃላችሁ። አንድ እርምጃ ወደ ጥላው ስትገቡ ግን ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ስለዚህ አባባ እኔ ጋ ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ይዞ ፀሐይዋን ይከተላታል። እሷ ጥግ ስትይዝ እሱም ጥግ ይይዛል።

ያን ቅዳሜም እንደዚያው ነበር። ለዓይኑ ሕክምና ከመንዝ ከመጣ ሳምንት ሆኖታል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንቀላፋል። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። ድንገት የአምስት ዓመቷ ልጄ ድምፅ እንደጠፋ ትዝ አለኝ። ልጅ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ። ቢላውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከአያቷ ጀርባ ተንበርክካለች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ትጽፋለች። ሀ። ሁ። ሂ። ሃን ዘላዋለች። ሄ ወደ ኋላ ዞሮ ቆሟል። ህ ላይ ደርሳ ደግሞ እጇ ደክሞት ይሁን ምን፣ ማርከሩን ተጭና ይዛው ነጥቡ እንደ ባቄላ ሰፍቷል።

ማርከሩ ጥቁሩ ነው። ያ የማይለቀው። ጠዋት እህል ወፍጮ ቤት ልልክ ማዳበሪያው ላይ ስሜን ጽፌበት፣ ክዳኑን እንኳ በወጉ ሳልገጥም ጠረጴዛ ላይ የተውኩት።

በእኛ አገር ትምህርት የሚቀናው ልጅ «ቀለም ይገባዋል» ይባላል። ልጄ ቀለም ይግባት አይግባት ገና አላውቅም። ጋቢው ግን ገባው።

ይህ ጋቢ ደግሞ ተራ ጋቢ አይደለም። ጥጡ ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣ ነው። እማዬ አንድ ክረምት ሙሉ በእንዝርት ፈትላ፣ ድሩን ለብቻ ማጉን ለብቻ አድርጋ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው። አባባ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት እሱ ነው። ገና ደግሞ አሥር ቀን ቀርቶታል። እማዬም ለገና ልትመጣ ነው።

ደነገጥኩ። እግሬ ራሱ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደኝ። እጄ ራሱ በረኪናውን አነሳ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ያን ጊዜ ነው የቆምኩት። ያን ሽታ አውቀዋለሁና።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። ለበዓል የሚለጠፍ ጽሑፍ በትልቅ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። እኔ ብልጫ ፈልጌ የእማዬን ነጠላ ሳላስፈቅድ ለብሼ ሄጃለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ስንስቅ ማርከሩ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጥብ ናት። ከዚያ አትበልጥም።

ቤት ስገባ እማዬ ገበያ ሄዳለች። ሳትመጣ ልጨርስ ብዬ ተነሳሁ። በውሃና በሳሙና ፈተግኩት። ነጥቧ ሳንቲም አከለች። አሁንም ፈተግኩ። መዳፍ አከለች። ጎረቤት «ሎሚና ጨው» አሉኝ። ሎሚና ጨው ለዝገት ነው የሚሆነው፤ የብረት ዝገት የነካውን ጨርቅ በእርግጥ ያነጣል። ማርከር ግን ዝገት አይደለም። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሎሚው እምቢ ሲል እላዩ ላይ በረኪና ደፋሁበት።

ይህን እባካችሁ አትሞክሩት። በረኪና ከሎሚ ወይም ከሌላ ኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባለውን ጋዝ ይለቃል። ያኔ ስሙን አላውቅም። ጉሮሮዬ እንደተቃጠለ፣ ዓይኔ እንዳለቀሰ፣ በሩን በርግጄ እንደወጣሁ ብቻ ትዝ ይለኛል። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ያም አልበቃኝም። መጨረሻ ላይ ነጠላውን ድስት ውስጥ ከትቼ ቀቀልኩት። የመንዝ ውሃ ከከፍታው የተነሳ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚፈላው። ነጠላውን ለመጨረስ ግን አላነሰም።

እማዬ ስትመጣ ጥቁሩ ነጥብ ቡኒ ዳመና ሆኖ ጠበቃት። አረንጓዴና ቢጫ የነበረው ጥለት ገርጥቷል። በረኪናው ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከጥቂት እጥበት በኋላ ሳስቶ ተቀደደ። በረኪና ጥጥን ያነጣል፤ ሲበዛበት ግን ክሩን ራሱን ይበላዋል። እማዬ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላውን ወደ ብርሃን አንስታ በቀዳዳው አየችኝና «ነጠላዬን የበላው ቀለሙ አይደለም፤ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ፣ በረኪናውን ክፍት እንደያዝኩ፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

አባባ ነቅቷል። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ ከዓይኑ አርቆ ይዞ ያያል። አባባ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን አርሶ ማታ በኩራዝ። ስለዚህ ለፊደል ቀልድ የለውም።

«ሃን ረስታዋለች» አለኝ።

የማስተምረው እዚሁ ከተማ ነው። እኛ መምህራን ከቀለም ጋር የቆየ ጠብ አለን። ድሮ ጋውናችን በጠመኔ ይነጣ ነበር፤ አሁን ኪሱ በማርከር ይጠቁራል። አንዳንዱ ፓርከር ይለዋል፣ አንዳንዱ ማርከር። ክዳኑ የላላ አንድ ማርከር ኪስ ውስጥ ካደረ ጋውኑ አለቀለት። ከዓመታት በፊት የእኔው ኪስ ሲበላሽ፣ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣን ነገሩን አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ጸሎት ይዤዋለሁ።

ማርከር ውስጥ ሦስት ነገር አለ አለኝ። አንዱ ቀለሙ ነው። ሁለተኛው ቀለሙን ያሟሟው ፈሳሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአልኮል ዘር ነው፣ ክዳኑን ስትከፍቱ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ሦስተኛው ሙጫ ነው። ስትጽፉ ፈሳሹ ይተናል። ሙጫው ቀለሙን አቅፎ ክሩ ላይ ይደርቃል። የደረቀው ሙጫ ውሃን አያውቃትም። ሳሙናም ብዙ አያስፈራውም። የሚያውቀው ያንን ያሟሟውን ዘመዱን ነው። ስለዚህ በመጣበት መንገድ መልሰው አለኝ። አልኮል አምጥቶት ከሆነ አልኮል ይውሰደው።

ላውንደሪ ልብስ የሰጠ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። የልብሱ ውስጠኛ ምልክት ላይ ቁጥር የሚጽፉት በዚሁ ማርከር ነው። ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ስንት ጊዜ ተተኩሶ፣ ቁጥሩ እዚያው ነው። እዚያ ሲሆን ጎበዝ ቀለም እንለዋለን፤ ጋቢ ላይ ሲሆን እድፍ።

የዋይትቦርዱ ማርከር ጠባዩ ሌላ ነው። ቀለሙ ሰሌዳውን ሙጭጭ አድርጎ እንዳይዝ ቅባት ቅባት የሚል ነገር ይገባበታል። ደረቅ ዳስተር የሚጠርገው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ተሳስቶ በማይለቀው ማርከር ሰሌዳ ላይ ከጻፈ፣ እላዩ ላይ በዋይትቦርድ ማርከር ደግማችሁ ጻፉበትና ቶሎ ጥረጉት፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አዲሱ ቀለም ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሮጌውን ፈታው ማለት ነው። ይህ ግን ሰሌዳ ልሙጥ ስለሆነ ነው። ጨርቅ እንደዚያ አይደለም። ክሩ ራሱ ቀለሙን እየጠጣ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ብራና ቢሆን ደብተራው በስለት ይፍቀው ነበር። ጋቢ አይፋቅ!

አልኮል ፍለጋ ቤቱን አገላበጥኩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ያልገዛነው ሳኒታይዘር አልነበረም። የቀረችው አንዲት ዝልግልግ ጄል ናት። እሷም አልኮል አለባት፣ ግን የሚያወፍራት ነገር ጨርቅ ላይ ይጣበቃል። ለትንሽ ነጥብ በግድ ትሆናለች፤ ለአምስት ፊደል አትሆንም።

አባባ «አረቄስ?» አለ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆኖ አልኮል አጣሁ ማለት መቼም ነውር ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ ከእኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል። ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ፣ አረቄ የሚያወጡ ጎረቤት አሉኝ። እትዬ ነው የምላቸው። ሄጄ ነገሩን ነገርኳቸው።

«ለጨርቅ?» አሉኝ። «ጠጪውስ ምን በላ?»

ስቀው ሲያበቁ ግን በሁለት ብልቃጥ ሰጡኝ፤ ተራውንና ዳግሙን። ተራ አንድ ጊዜ የወጣው ነው። ዳግም ሁለተኛ ተመልሶ የተጣራው ነው፤ ውሃው ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። ሁለቱም ነጭ መሆናቸውን አየሁ። ማር ወይም ሌላ ነገር የገባበትን አረቄ ጨርቅ ላይ ብታፈሱ በአንዱ እድፍ ላይ ሌላ መጨመር ነው። እግረ መንገዴንም ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዛሁ።

አሁን ፈተና። ያረጀ የጥጥ ትራስ ልብስ ላይ በዚያው ማርከር ሦስት መስመር አሰመርኩ። ደረቀ። በተራው ነካሁት፤ ዳር ዳሩን ትንሽ አደበዘዘው እንጂ ከቦታው አልነቀነቀውም። ዳግሙ ግን ሠራ። ከሥር ያደረግሁት ጨርቅ ላይ ጥቁር ወረደ። የፋርማሲው ከሁለቱም በለጠ። ነገሩ ቀላል ነው። አረቄ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፤ ውሃው ለሙጫው ምንም አያደርግለትም። ሌላ ነገር ከጠፋ ዳግም አረቄ የክፉ ቀን ነው። ፋርማሲ ካለ ግን አረቄውን ለባለቤቱ ተዉለት። አባባም ይህን ፍርድ ሲሰማ ፊቱ በራ።

ሥራውን ልጀምር ስል ከሰሉ ትዝ አለኝ። በብርድ አገር ሁሉ ነገር ከሰል ዳር ነው የሚሠራው። ቡናውም፣ ፍትሉም፣ ጥናቱም። አልኮል ግን ሽታው ራሱ እሳት ይስባል። ከሰሉን ወደ ውጭ አወጣሁ፤ መስኮቱን ከፈትኩ። አባባ «ለአንድ ጋቢ ስንል በብርድ ልንሞት ነው» እያለ ባና ደረበ። በቤንዚን እድፍ የሚያጥቡ ሰዎች አውቃለሁ። ቤንዚንን ቤት ውስጥ አታስገቡት፣ በቃ። ነጭ ጋዝም እንደዚያው። ቢሳካ እንኳ ሽታው ቅዳሴ መሃል ይከተላችኋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው ሥራ።

ጋቢ እንደ አንሶላ አንድ ንብብር አይደለም። አራት ድርብ ነው። ልጄ ስትጽፍ ቀለሙ የላይኛውን አልፎ ሁለተኛውን ነክቶታል። ባቄላ ያከለው የህ ነጥብ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። እንዲሁ ከላይ አልኮል ባፈስበት ቀለሙ ተፈትቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ አራቱንም ያዳርሳል። ስለዚህ በድርቦቹ መካከል ቀለሙን የሚጠጣ ጨርቅ መግባት አለበት። ይህ ደግሞ ያለ መተርተር አይሆንም። ጋቢው መሃሉ ላይ የተጋጠመበት ስፌት አለ። ፊደሎቹ ደግነቱ ከሱ ብዙ አልራቁም። እጅ የሚያስገባ ያህል፣ ሁለት ስንዝር ገደማ፣ በመርፌ እየነቀልኩ ተረተርኩት። የእማዬ ሸማኔ የሰፋውን ስፌት። ልቤ እየመታ።

ያረጀ ነጭ ካናቴራ ቆራርጬ አንዱን በየድርቡ መሃል አስገባሁ። የጥጥ መሆን አለበት፤ ነጭም መሆን አለበት፤ ያለዚያ የራሱን ቀለም ያጋባል። ሌላ ትንሽ ጨርቅ በአልኮል አርሼ ፊደሉን መታ መታ አደረግሁት። መታ ነው ያልኩት። አሸት አይደለም። ስታሹት ቀለሙ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የስምንተኛ ክፍሏ ነጥብ መዳፍ ያከለችው በዚህ ነው። ከዳር ወደ መሃል እየመጣችሁ መታ መታ ስታደርጉት ግን ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር የጠበቀው ጨርቅ ይጠጣዋል። የሥሩ ጨርቅ ሲጠቁር ንጹሑን ቦታ ታዞሩለታላችሁ። ሲሞላ ትቀይሩታላችሁ። ሥራው ይኼው ነው። ሌላ ብልሃት የለውም። የሚያስቸግረው መሰልቸቱ ነው።

የመጀመሪያውን ጨርቅ ሳወጣው ልጄ ጮኸች። ሁ ጨርቁ ላይ ታትሟል። ቁልጭ ያለ ሁ ነው። «እማ፣ ፊደሌ ወደዚህ መጣ!» አለች። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱ ጨርቅ ሲወጣ እያገላበጠች ታነብ ጀመር። የአባባ ጋቢ ቢበላሽም ያን ምሽት ሂን ከሄ ለይታለች።

አንድ ሰዓት ገደማ ከሠራሁ በኋላ ቀና ብዬ አየሁት። ብሶበታል። ፊደሎቹ ፊደልነታቸውን ትተው አምስት ግራጫ ዳመና ሆነዋል። ጥቁር ሳሉ ቢያንስ ይነበቡ ነበር። ልንገራችሁ፤ ሰው በረኪና የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ትዕግሥተኛ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ የሠራኸው ሁሉ ያበላሸኸው ሲመስልህ፣ ያን ጊዜ ነው እጅ ወደ ጠንካራው ነገር የሚዘረጋው። አንዳንዱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ማሽን ውስጥ ይከተዋል፤ በሙቅ ውሃ ያጥበዋል፤ ይተኩሰዋል። ከዚያ «አልለቅ አለኝ» ይላል። ሙቀት ያቺን የቀረችውን ሙጫ ክሩ ላይ ያጸናታል። ማርከሩ ግማሹን ሲያትም ሌላውን ግማሽ ያተመው ባለቤቱ ነው።

ግራጫው ዳመና በእርግጥ ጥሩ ምልክት ነው። ሙጫው ተፈትቶ ቀለሙ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። ሥሩ ያለውን ጨርቅ ቀየርኩ፣ የምነካበትንም ቀየርኩ፣ አልኮል ጨመርኩ፣ ቀጠልኩ። ዳመናው ሳሳ። ያን ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ አቆምኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደገምኩት። እሑድ ማታ አራቱ ፊደሎች የሉም። ሀ ብቻ ቀርታለች። የመጀመሪያዋ ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ ልጄ በሙሉ ኃይሏ ተጭና ጽፋታለች። የት እንዳለች ካላወቃችሁ አታዩአትም። ካወቃችሁ አመድ የነካት ያህል ናት።

በረኪና ያንን የመጨረሻ ጥላ ባነሳው ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ላያነሳውም ይችላል። አንዳንድ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ነው የሚሠራው፤ ጥላሸትን ደግሞ በረኪና አያነጣውም። የብራና ጸሐፊዎቹ ቀለም ዘመን የተሻገረው አንድም በዚህ ነው። ለአንዲት ሀ ብዬ የጋቢ ክር አላስበላም።

ሌላ ጨርቅ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ በአጭሩ ላንሳው። የተማሪ ዩኒፎርም ብዙው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። አልኮሉ ይሠራለታል፤ ብቻ ሳይለቅ እንዳትተኩሱት። ጥለት ወይም ጥልፍ ያለው የሐበሻ ልብስ ላይ መጀመሪያ በማይታይ ጠርዝ ሞክሩ። አልኮል የጥለቱንም ቀለም ሊፈታ ይችላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ከአልኮል ይበረታል፤ የኮት ገበር ግን አሴቴት ከተባለው ጨርቅ ከሆነ አሴቶን ያቀልጠዋል፤ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ባናና በርኖስ ደግሞ የበግ ፀጉር ነው። ፀጉር በረኪና አይችልም፤ በረኪና ያሟሟዋል። በሙቅ ውሃ ካሻችሁትም ይኮማተራል፤ የአዋቂው በርኖስ ለልጅ ይሆናል። ለፀጉር አልኮል በጥቂቱ፣ መታ መታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። የጥርስ ሳሙናና ወተት የሚሉም አሉ። የጥርስ ሳሙናው ይፈትጋል እንጂ አይፈታም። ወተቱን ልጆቹ ይጠጡት።

የመዋለ ሕፃናት ማርከር የያዘች ልጅ ያለችው ሰው ግን አይጨነቅ። እሱ በውሃ የሚሟሟ ነው፤ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። እኔም ሰኞ ዕለት ገዛሁላት። ጥቁሩ ማርከር አሁን ቁም ሳጥን ላይ ነው።

ከአልኮሉ በኋላ ጋቢው መታጠብ ነበረበት። በቀዝቃዛ ውሃ። አባባ «እንዶድ የለሽም?» አለኝ። የለኝም። እማዬ ግን እስከ ዛሬ ነጭ ልብስ በሌላ አታምንም። የደረቀውን ፍሬ ወቅጣ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፈው አረፋው ገንዳውን ይሞላል። ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው አረፋውን የሚያወጣው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው በዚሁ አረፋ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ ዓለም የሰማው ምርምር ሆነ። የሚገርመኝ፣ ሻርፒ የሚባለው የአሜሪካኖች ማርከር ገበያ የወጣው በዚያው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። እንዶድና የማይለቅ ማርከር በአንድ ዓመት ስማቸው ተነሳ ማለት ነው። እንዶድ ማርከር አያስለቅቅም፤ ያንን ግን ለአባባ አልነገርኩትም። በኦሞ አጠብኩት።

ማድረቁም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አራት ድርብ ጋቢ በታኅሣሥ በአንድ ቀን አይደርቅም። ማታ ውጭ ካደረ ውርጭ ይመታውና ጠዋት እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ይጠብቃችኋል። ማታ ማታ እያስገባሁ፣ ቀን ቀን እያሰጣሁ፣ በሦስተኛው ቀን ደረቀ። የተረተርኩትን ስፌት በነጭ ክር መለስኩት። የቻልኩትን ያህል አጠጋግቼ ሰፋሁ። እንደ እኔ ጥሩ ነው።

እማዬ በ27 መጣች። ዕቃዋን ሳታወርድ ሁላችንንም ሳመች፤ ቅቤውን አስረከበች፤ አባባን «ዓይንህ ምን አሉህ?» አለችው። ከዚያ ጋቢው ላይ እጇን ጣል አደረገች። እኔ ቡና እየቆላሁ በጎን አያታለሁ። አባባ ወደ መስኮት ያያል።

ከትከሻው አውልቃ ወሰደችው። ወደ ብርሃኑ ዞረች። እማዬ ጨርቅ በዓይኗ ብቻ አታይም፤ በጣቷ ነው የምታነበው። ጠርዙን ይዛ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች መጣች። ሀ ወዳለችበት ደረሰች። ትንፋሼን ያዝኩ። ጣቷ ሀን አልፎ ሄደ።

ስፌቱ ላይ ቆመ።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ምንም ሳትል ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።